ቴስታታው ሲነሣ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበርን የሚወጣ ሾፌር፣ አንድ ዐይኑን መንገዱ ላይ፣ አንድ ዐይኑን የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ላይ አድርጎ ነው የሚነዳው። ቆላው ወይናደጋ፣ ወይናደጋው ደጋ ሆኖ ጣሊያን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ አፍ እስኪደረስ ድረስ መኪና ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የእኔዋ አሮጌ ኮሮላ ያን ቀን ደብረ ሲናን ስታልፍ ቀስቷ እንደ ወትሮው መሀል ላይ ነበረች። ከዋሻው በታች ባሉት ጥምዝምዞች ላይ ግን ከፍ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከፍ፤ ከዚያ ቀዩን ነካች። እኔም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ «ዋሻውን ልለፍና እቆማለሁ» አልኩ። ዋሻውን አለፍኩ። ያቺ «ልለፍና» የቴስታታ ጓርኒሲዮን አስበላችኝ።

አዲስ አበባ የገባሁት በየመንገዱ እየቆምኩ፣ እያቀዘቀዝኩ፣ ውሃ እየጨመርኩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሣት ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደሚያነክስ በግ በሦስት እግሯ ሄደች፣ ከዚያ ተስተካከለች። ከኋላ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ከውስጥ በኩል ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎበታል።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ድምፁን ሰምተው ኖሮ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ጓርኒሲዮን ነው፣ አይደል?» አልኳቸው።

«ጓርኒሲዮኑማ ሞቷል። አሟሟቱን ሳታውቅ አዲስ ብትገዛለት እሱም ይሞትብሃል።»

እኔ ለመፍታት ቁልፍ ይዤ ነበር የወጣሁት። እሳቸው ግን ያን ቀን አንድ ቡሎን አላስነኩኝም።

እሳት፣ ውሃ፣ ዘይት

የጋራዦቻችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፤ ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃሎቻቸው የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ቀሩ። «ቴስታ» ራስ ማለት ነው፤ ቴስታታም የሞተሩ ራስ ነው። ከታች ያለው ብሎክ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን አራት ሲሊንደሮች የያዘ ከባድ ብረት ሲሆን ቴስታታው ባልቦላዎቹንና ካንዴላዎቹን ተሸክሞ ከላይ ይከድነዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት በሚገናኙበት ቦታ የሚነጠፈው፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ሉሕ ነው ጓርኒሲዮን የሚባለው።

ይህ ስስ ሉሕ የማይስማሙ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ያኖራል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደውን እሳት፣ በዙሪያው የሚዞረውን ውሃና ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ዘይት። የሚሸከመውን ለመገመት ትንሽ ስሌት ይበቃል። የእኔዋ ሞተር ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ብሎ የሰየማት፣ 1,587 ሲሲ የሆነችው ናት፤ የሲሊንደሯ ስፋት 81 ሚሊ ሜትር ነው። ሾፌሩ ቤንዚኑን ሲረግጥ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት 50 ባር ቢደርስ፣ በዚያ ክብ ላይ አርፎ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ ይህ ግፊያ በየሲሊንደሩ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይመላለሳል።

ከግፊቱ የሚብሰው ግን ሙቀቱ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚረዝመው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቴስታታ ከጠዋቱ ብርድ ተነሥቶ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ሰባት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብሎክ የዚያን ግማሽ ብቻ። ስለዚህ ቴስታታው በየቀኑ፣ ሞተር በተነሣና በጠፋ ቁጥር፣ ጓርኒሲዮኑ ላይ ለዐይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ጓርኒሲዮን ይህን ሁሉ ዓመታት ይችለዋል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንድ ቀን መፍላት።

መመሪያው የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ነው

«ውሃ ስንት ላይ ነው የሚፈላው?» አሉኝ ጋሼ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጣታቸው እያገላበጡ።

«መቶ» አልኩ እንደ ተማሪ።

«የት?»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ የሚጫነን ባሕር ዳርቻ ያለውን ሰው ከሚጫነው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽምብራ ደጋ ላይ ቀኑን ሙሉ እየተንተከተከ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኔዋ ሞተር ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር መልቀቅ የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ነው። እንግዲህ በጤናማ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለችው ርቀት ዐሥር ዲግሪ ብቻ ናት ማለት ነው።

ዐሥር ዲግሪ አትበቃም። ሞተሩ የሚኖረው ያ ተራ የሚመስለው የራዲያተር ክዳን ስላለለት ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ውሃውን 0.9 ባር በሚሆን ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ይይዘዋል፤ በዚያ ግፊት ሥር ያለ ውሃ አዲስ አበባም ላይ ቢሆን ወደ 114 ዲግሪ እስኪጠጋ አይፈላም። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ ሞተሩም ወደ ዐሥሯ ዲግሪ ይመለሳል። ጣርማበር ላይ ደግሞ ዐሥርም አይሞላ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ውሃ 90 ሳይደርስ ይፈላል። መኪናው ሽቅብ በወጣ መጠን ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ይሳሳል፣ ውሃውም ለመፍላት ይቀርበዋል። ሦስቱም በአንድ አቀበት ላይ ይገናኛሉ። የእኔዋ ኮሮላ ደብረ ሲና ላይ ደኅና ሆና ዋሻው አጠገብ የፈላችው ለዚህ ነው።

ጋሼ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው ላስቲኩን በጥፍራቸው ጫን ሲያደርጉት ቀጭን ስንጥቅ ከፈት አለ። ገዳዩ ተገኘ።

ውሃ ሲፈላ መጀመሪያ የሚፈላው እጅግ የሚግለው ቦታ፣ በጭስ ማውጫ ባልቦላዎቹ ዙሪያ ነው። እንፋሎት እንደ ውሃ ሙቀት አይሸከምም፤ እዚያ ቦታ ያለው አሉሚኒየም ብቻውን ይግላል፣ ላብጥ ይላል፤ ቡሎኖቹ ግን ጠፍረው ይዘውታል። መሄጃ ሲያጣ ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ይጨፈልቀዋል። ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የተጨፈለቀው ጓርኒሲዮን ግን አይመለስም። በመካከል የቀረችው ክፍተት ናት ጠዋት ጠዋት ውሃ ወደ ሲሊንደር የምታስገባው።

እዚህ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ከተማችን ውስጥ መኪና በፈላ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። የተበላሸ ቴርሞስታት ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፣ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን በአዲስ መለወጥ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በአዲስ አበባ ጠዋት መሥሪያ ቤት እስኪደርስ አይሞቅም፤ ቤንዚን በከንቱ ይበላል፣ ያልነደደው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል። በዚያ ላይ የደፈነ ራዲያተር ወይም የማይዝ ክዳን ካለ ቴርሞስታት ማውለቁ በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመሩ መንዳትም እንዲሁ ነው፤ ዝገቱ ውሎ አድሮ የራዲያተሩን ጠባብ መንገዶች ይዘጋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ የራዲያተር ፈሳሽ ዝገትን ከመከልከሉም ሌላ የመፍያውን ነጥብ ስምንት ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል።

ከመፍታት በፊት አንድ ምርመራ ቀርቶን ነበር፤ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን መለካት። የሦስተኛው ካንዴላ ታጥባ የወጣች ይመስል ነጭ ነበረች፤ ሌሎቹ የቡና ቀለም አላቸው። መለኪያው አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ላይ 10 ባር አሳየ፣ ሦስተኛው ላይ 8። የፋብሪካው መመሪያ ጤናማው 13 ባር ያህል ነው ይላል። መመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ያረጀ ነው ብሎ ይፈርድበታል። መመሪያው የተጻፈው ግን ለባሕር ወለል አየር ነው፤ ፒስተኑ እዚህ የሚውጠው አየር ሦስት አራተኛ ስለሆነ 13 የነበረው ንባብ አዲስ አበባ ላይ 10 ይሆናል። ሦስቱ ሲሊንደሮች ደኅና ነበሩ። በዚህ ስሕተት ስንት ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ ይሆን?

ሲፈታ

ሞተሩ ሌሊቱን ያደረና የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ሙቅ ቴስታታ ቡሎኑ ሲላላለት ይጎብጣል። የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቀለ። ይህ ሞተር ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶም ግፊት ይቀራል፤ ማያያዣውን በጨርቅ ሸፍነን ቀስ ብለን አላላነው። የራዲያተሩን ፈሳሽ በባልዲ ተቀብለን ከነክዳኑ አስቀመጥን፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ የግቢው ውሻ እንዳይቀምሰው።

ሽቦና ቱቦ ሁሉ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ተነሣ። ጋሼ መጀመሪያ ሣቁብኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ መሄጃዋ ጠፍቶን ስልኬን ስከፍት ግን መነጽራቸውን አውጥተው አብረውኝ አዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ምልክት። ፒስተኖቹ በሚያዞሩት በክራንክ ዘንጉ ጫፍ ያለውን የፑሊ ቡሎን በቁልፍ ይዘን በእጅ አዞርነውና ጥርቡን ከሽፋኑ ላይ ካለው ዜሮ ጋር አገጣጠምነው። ያኔ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ ነው። ባልቦላዎቹን በሚከፍተው በካም ዘንጉ ፑሊ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ከኋላዋ ካለው ምልክት ጋር መገጠም አለባት፤ ካልገጠመች ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመርለታል። ክራንክ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፣ አንዱ እሳት ሊመታ ሲል፣ አንዱ ጭስ አስወጥቶ ሲጨርስ። የሚፈለገው የፊተኛው ነው። ሁለቱንም ቦታ ከልጄ በተበደርኩት ነጭ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁባቸውና ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘውን ታይሚንግ ቤልት አወጣነው።

የቴስታታው ቡሎኖች ዐሥር ናቸው። ሲፈቱ ከዳር ወደ መሀል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ሩብ ሩብ ዙር እየተላሉ ነው። በመግቢያው በኩል ያሉት 90፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉት 108 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ፤ ቦታቸው ቢቀያየር መዘዙ ብዙ ነው። ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ስለን፣ ዐሥር ቀዳዳ በካቻቢቴ በስተን፣ እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ሰካነው። ከዚያ ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን አነሣነው። አንዳንድ ባልቦላ ተከፍቶ ከፊቱ ወጣ ስለሚል ወለል ላይ በፊቱ አይደፋም፤ ሁለት ጣውላ ላይ አሳረፍነው።

ፊቱ ሲገለጥ ምስክር አያስፈልግም ነበር። ሦስቱ ፒስተኖች በጥላሸት ጠቁረዋል፤ ሦስተኛው ግን በእንፋሎት ታጥቦ የተወለወለ ሳንቲም መስሏል። ጓርኒሲዮኑ ላይ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ጠርዝ እስከ ጎረቤቱ የውሃ ቀዳዳ ድረስ፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል የተበላች ጠባብ መንገድ ነበረች።

ከፀጉር የሚቀጥን

ቤት ውስጥ የሚሠራ ጓርኒሲዮን በሦስት ወር ተመልሶ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ደረጃ በሚፈጸም ስንፍና ነው። አሮጌው ቅሪት ከሁለቱም ፊት እስከ መጨረሻው መጽዳት አለበት፤ ብሎኩ ላይ በምላጭ፣ አሉሚኒየሙ ላይ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ። ግራይንደር ላይ የሚገጠም የብርጭቆ ወረቀት ፈጣን ነው፣ ግን አሉሚኒየሙን ይቦረቡራል፣ ዱቄቱም ወደ ዘይት መንገድ ገብቶ ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ብሮንዚና እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጣም ያረጁ ጓርኒሲዮኖች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ደግሞ ደረቁን መፋቅ ለሳንባ አይበጅም፤ ረጠብ ይደረጋል።

ከዚያ ልኬት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ፊት ላይ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱ ሰያፍ ይቆምና ከሥሩ ስስ የውፍረት መለኪያ ቅጠሎች ይሞከራሉ። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው ጉብጠት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ። የእኔ ቴስታታ መሀሉ ላይ 0.12 አሳለፈ። ዐይን ቢያየው መስተዋት ነው የሚለው ፊት!

እዚህ ላይ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ያበቃል፤ ቴስታታው ተጠቅልሎ ቶርኖ ቤት ሄደ። መጀመሪያ በግፊት ተፈትሾ ስንጥቅ እንደሌለው ታየ፤ ከዚያ ፊቱ በትንሹ ተላገ። በትንሹ የሚለው ቃል ቁም ነገር አለው። ቴስታታ በተላገ ቁጥር የቃጠሎው ክፍል ይጠባል፣ ኮምፕሬሽኑም ይጨምራል፤ ካም ዘንጉም ወደ ክራንኩ ይጠጋልና ቤልቱ የባልቦላዎቹን ሰዓት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ለ0.12 ጉብጠት ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚልግ ቶርኖ ቤት ካጋጠመ መከራከር ተገቢ ነው።

ገዳዩ ክዳን ሆኖ መገኘቱ ደስ ቢለኝም ጋሼ ራዲያተሩንም አስወልቀው አሳጠቡት፤ የውሃ ፖምፓውንም በጣታቸው ወዝወዝ አድርገው ፈተሹት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ቁጠባ የማያውቅ ጥንቃቄ መማር ይኖርበታል፤ ተተኪው ከወደብ አይመጣምና።

ሦስት ኪሎ በአንድ ሜትር ጫፍ

ቴስታታው ከመመለሱ በፊት በብሎኩ ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች መድረቅ አለባቸው። መጨረሻቸው ድፍን ስለሆነ ከታች ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፤ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም፣ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ቀጭን ብረት ላይ ጨርቅ ጠቅልለን አንድ በአንድ አደረቅናቸው።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ደረቁን ተነጠፈ፤ ማስቲሽም ሲሊኮንም አልተቀባም። «ሲሊኮን የሚቀባ ሰው ልኬቱን አላመነውም ማለት ነው» ይላሉ ጋሼ። የዘይቱ ቀዳዳ ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር መገጠሙ ታየ፤ ተገልብጦ የተነጠፈ ጓርኒሲዮን ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ ይዘጋና ካም ዘንጉን ያደርቀዋል።

ከዚያ ቡሎኖቹ፤ ጥርሳቸውና የራሳቸው ሥር በስሱ ዘይት ተቀብቶ፣ አሁን ከመሀል ወደ ዳር። የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ጥብቀት 29 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ ሦስት ኪሎ ስኳር እንደ ማንጠልጠል። ይህ በግምት አይሆንም፣ ቶርክ ሬንች መከራየት ያስፈልጋል። ከዚያ በየቡሎኑ ራስ ላይ ወደ ፊት የሚያይ የቀለም ነጥብ ይደረግና እያንዳንዱ በተራው 90 ዲግሪ፣ ሁሉም ካለቁ በኋላ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። ነጥቦቹ በስተመጨረሻ ሁሉም ወደ ኋላ ያያሉ።

ለምን በዲግሪ? ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ዐሥር እጅ ዘጠኙን የሚበላው ፍትጊያ ነው፤ ቡሎኑን የሚስበው የቀረው አንዱ እጅ ብቻ። አንዱ ቡሎን ትንሽ ዝገት፣ ሌላው ትንሽ ዘይት ቢኖረው በአንድ ዓይነት ጥብቀት ተጠብቀው የሚይዙት ኃይል ለየቅል ይሆናል። ዲግሪ ግን ፍትጊያን አያውቅም፤ ቡሎን ሩብ ዙር ከዞረ የጥርሱ ስፋት ሩብ ያህል ገብቷል፣ ያንኑ ያህልም ተስቧል። የቴስታታ ቡሎን የተወጠረ ምንጭ ነው፤ ቴስታታው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየተከተለ የሚይዘው ያ መወጠሩ ነው።

ሁለቱ ሰዓቶች

«ታይሚንግ ማስተካከል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ባልቦላዎቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሰዓት ነው፤ እሱን የሚወስነው ቤልቱ ነው፣ የሚቆጠረውም በጥርስ ነው። ሁለተኛው ካንዴላዋ እሳት የምትሰጥበት ቅጽበት ነው፤ እሱን የሚወስነው ዲስትሪቡተሩ ነው፣ የሚቆጠረውም በዲግሪ ነው። የመጀመሪያው ሳይስተካከል ሁለተኛውን ማስተካከል በተሳሳተ ሰዓት ጸሎት እንደ መድረስ ነው።

ቤልቱ የጥፍር ቀለሞቹ በተገጣጠሙበት ተመለሰ፣ የማወጠሪያው ምንጭ ተለቀቀለት። ከዚያ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረን ምልክቶቹን እንደገና አየን። ካሟ አንድ ጥርስ አምልጣ ነበር! ቤልቱ በማይወጠርበት ጎኑ ላልቶ ስለነበር ሲዞር ትርፉ ተሰብስቦ ምልክቱን አንሸራተተው። አላልተን ደገምነው። በዚህ ሞተር ዕድለኞች ነን፤ ቤልት ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ባልቦላ አይጋጩም። በሚጋጩባቸው ሞተሮች ግን ያቺ በእጅ የምትዞር ሁለት ዙር ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት ካልተደረገች የታጠፉ ባልቦላዎችን ያስገዛል።

የእሳቱ ሰዓት ግን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ነው። ቤንዚንና አየር ካንዴላ ስትመታው በአንዴ አይፈነዳም፤ ነበልባሉ እንደ ተለኮሰ ሣር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ይህም ሁለት ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ግፊቱ ፒስተኑን በደንብ እንዲገፋው ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ እሳቱ መጀመር አለበት። ሞተሩ ቆሞ በደቂቃ 750 ሲዞር በሁለት ሺኛ ሴኮንድ ክራንኩ 9 ዲግሪ ይዞራል፤ 3,000 ላይ ግን በዚያው ጊዜ 36 ዲግሪ። ስለዚህ ሞተሩ በፈጠነ መጠን እሳቱ መቅደም አለበት። በድሮዎቹ መኪኖች ይህን የሚያደርጉት ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያሉ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ክብደቶች ነበሩ፤ በእኔዋ ኮምፒውተሯ ነው።

ችግሩም እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ስለሚያርም መነሻውን ለማየት መጀመሪያ እጁን ማስያዝ ያስፈልጋል። በኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሣጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይያያዛሉ። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲዞር የታይሚንግ መብራቱ ወደ ፑሊው ይበራል፤ መብራቱ የሚበራው አንደኛዋ ካንዴላ በመታች ቁጥር ስለሆነ የሚሽከረከረው ጥርብ የቆመ ይመስላል፣ ከጎኑ ያለው ሚዛንም ይነበባል። ቁጥሩ 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ካልሆነ የዲስትሪቡተሩ ቡሎኖች በትንሹ ይላሉና እሱ ራሱ ይዞራል። የሚሽከረከረው በካም ፍጥነት ስለሆነ የእጅ አንድ ዲግሪ በክራንኩ ላይ ሁለት ናት፤ ለዚህ ነው የሕፃን እጅ እንደ መያዝ ቀስ ማለት የሚያስፈልገው። ሽቦዋን አያይዞ ያልለካ ሰው የሚያየው የኮምፒውተሩን ውሳኔ ነው፤ «አስተካከልኩ» ብሎ ያበላሸዋል።

የእኛ መጀመሪያ 4 ላይ ነበረ። 10 ላይ አቆምነው፣ ድምፁ ተከፈተ።

ጋሼ ግን አልረኩም። ሽቦዋን ነቅለው፣ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና ዲስትሪቡተሩን እሳቱን ወደሚያስቀድመው ወገን በትንሹ አዞሩት። ሽቦዋን መልሼ አያይዤ ስለካው 13 ሆኗል። ይህ የአዲስ አበባ መካኒክ ወግ ነው፤ ከልምድ ብቻ የመጣ ቢሆንም ሳይንስ ይደግፈዋል። በስስ አየር ውስጥ ነበልባል ቀርፈፍ ይላል፣ ግፊቱም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ እሳቱ ትንሽ ቀደም ቢል ሞተሩ አያንኳኳም፣ እንዲያውም ቀለል ይለዋል። መመሪያው 10 ያለው፣ 13 ባር ያለው፣ ውሃ በመቶ ይፈላል ያለው ያው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ነው።

የሞተሩን ዘይት ወዲያው ለወጥን፤ ውሃ የነካው ዘይት ብሮንዚና ይበላል። 200 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ደግሜ ለወጥኩት። ራዲያተሩን ስንሞላ ክዳኑን ከፍተን፣ የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገን፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን፤ በቴስታታው ውስጥ የቀረ አየር ሞተሩን አስፍልቶ አዲሱን ጓርኒሲዮን በመጀመሪያው ቀን ሊያስበላው ይችላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዋሽ ልወርድ መሆኑን ስነግራቸው ጋሼ ጋቢያቸውን አስቀምጠው ቁልፍ ይዘው መጡ።

«ያን ቁልቁለት ስትጨርስ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም አለ። የደጋ እሳት ለቆላ አይሆንም።»

ሽቦዋን አያያዝን፣ መብራቱን አበራን፣ ዲስትሪቡተሩን ወደ 10 መለስነው። መተሐራ ሜዳ ላይ መስኮት ዝቅ አድርጌ፣ ቤንዚኑን ረገጥ አድርጌ አዳመጥኩ። ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ያለው ድምፅ የለም። ስንመለስ፣ አቀበቱን ሁሉ፣ ቀስቷ መሀል ላይ እንደቆመች ነበረች፤ እኔ ግን አንድ ዐይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም።